ጅግራና የዝሆን ጀርባ

ተረት አለኝ፤ «እህ» በሉኝና ላውጋችሁ።

በዱሮ ዘመን፣ አንድ አሸዋማ ወንዝ ዳር ዝሆንና ጅግራ ተማምለው ይኖሩ ነበር። በበጋ ወንዙ ሲደርቅ ጅግራ አሸዋውን እየጫረች ውሃ ያለበትን ታሳየዋለች፤ ዝሆን ይቆፍርና አብረው ይጠጣሉ። ሲመሽ ከነጫጩቶቿ ጀርባው ላይ ትተኛለች። እርምጃው እሹሩሩ እንደሚል ሰው ያወዛውዛት ነበር።

አንድ ቀን ነብር መጣና ዝሆንን «በጋ ከክረምት የማይነጥፍ ምንጭ አሳይሃለሁ፤ ጅግራዋን ግን ከጀርባህ አውርዳት» አለው።

ዝሆን አወረዳት።

«ወንድሜ፣ መሐላችንስ?» አለችው።

«መሐላውማ አለ፤ ውሃው ነው ቦታ የቀየረው» ብሏት ሄደ።

በዚያው ሰሞን ነብር ጫጩቶቿን ፈጃቸው። ጅግራም ብቻዋን እሾሃም ግራር ጫፍ ላይ ማደር ለመደች። ነፋስ ቅርንጫፉን ባወዛወዘው ቁጥር ግን ያ ሰፊ ጀርባ ትዝ ይላት ነበር።

ከዓመታት በኋላ የነብር ምንጭ ነጠፈ። ዝሆን ከስቶ፣ ኩምቢውን እየጎተተ መጣ።

«እህቴ፣ እንደ ዱሮአችን እንሁን!»

ጅግራ ወርዳ አሸዋውን ጫረችለት፤ ቆፈረ፤ አብረው ጠጡ። ሲመሽ ዝሆን በርከክ ብሎ ጀርባውን አመቻቸላት።

ጅግራ ጀርባውን ትክ ብላ አየችው።

«ዱሮማ እንዴት ይሞቀኝ ነበር!» አለችና ወደ ግራሯ በረረች።

ተረቴም እዚያው ግራር ላይ አደረ።