በጋሽ ቀጸላ ፎቶ ጀርባ ላይ የሚጻፈው ስም

በአንድ ወቅት፣ ሰው ፎቶ ለመነሳት ሸሚዙን ተኩሶ ከቤቱ የሚወጣበት ልማድ ሊያበቃ ሲቃረብ፣ አሰላ ከተማ ውስጥ ጋሽ ቀጸላ የሚባሉ ፎቶ አንሺ ነበሩ። አርባ ዓመት ሙሉ የከተማውን ሰው ሲያነሱ ኖረው፣ ከወጣትነታቸው የመታወቂያ ጉርድ በቀር የራሳቸው ፎቶ አልነበራቸውም።

ጋሽ ቀጸላ በሥራቸው አንድ ደንብና አንድ ዘዴ ነበራቸው።

ደንቡ፣ ከፎቶ ቤቱ የሚወጣ ማንኛውም ፎቶ ጀርባው ላይ ያነሳው ሰው ስም በእርሳስ እንዲጻፍ ነው። አንድ ፎቶ፣ አንድ ስም። ይህን ደንብ ያወጡት፣ ግዛቸው የሚባለው የመጀመሪያ ሠራተኛቸው ያነሳው የገብስ አውድማ ፎቶ በአንድ መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ በኃላፊው ስም ተሰቅሎ ካዩ በኋላ ነበር። ኃላፊው በዚያ ፎቶ ተሸልሞበታል። ግዛቸው አቤት ቢል፣ «ለመሆኑ ማስረጃህ የት አለ?» ተባለ። በሥራው ላይ የሌላ ሰው ስም ተለጥፎ ያየ ሰው ይህን ደንብ ቀላል አይለውም። ያላየ ሰው ደግሞ ሊስቅ ይችላል፤ ይሳቅ።

ዘዴው እንዲህ ነው። ደንበኛው በርጩማው ላይ ተቀምጦ አገጩን ያነሳል፣ ትንፋሹን ይይዛል። ካሜራው «ቋ!» ይላል። ያኔ ጋሽ ቀጸላ «ጨርሰናል፤ አሁን ሰው ሁኑ» ይላሉ። ደንበኛው ይተነፍሳል፣ ትከሻው ይወርዳል፣ ፈገግ ይላል። ጋሽ ቀጸላ በዚህ መሐል ጮክ ብለው ይስሉና በሳላቸው ድምፅ ተከልለው ሁለተኛ ያነሱታል። ሰው የመጀመሪያውን ለመሥሪያ ቤት ይወስዳል፤ ሁለተኛውን ሳሎኑ ውስጥ ይሰቅላል።

«ፊት የሚመጣው ከድምፁ በኋላ ነው» ይሉ ነበር።

በፎቶ ቤቱ ሦስት ሰዎች ይሠሩ ነበር።

ግዛቸው ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። የሚሠራበት ካሜራ፣ ፊልም ከገበያ በጠፋ ጊዜ ጋሽ ቀጸላ የገዙት የድሮ ዲጂታል ነው። ከባድ ነው፤ የመያዣው ጎማ ተልጦ ሁለቴ በማስቲሽ ተለጥፏል። ባትሪው ግን ሠርጉን ከነመልሱ ይጨርሳል። ውስጡ መስታወት አለ። አንሺው ቁልፉን ሲጫን መስታወቱ ብድግ ይልና «ቋ!» ብሎ ይመለሳል፤ በዚያች ቅጽበት ዓይን የሚያርፍበት ቀዳዳ ይጨልማል። ስለዚህ በዚህ ካሜራ የሚሠራ ሰው ያነሳትን ቅጽበት ራሱ አያያትም። ግዛቸው ከተጫነ በኋላ አንገቱን ደፍቶ በካሜራው ጀርባ ባለችው ትንሽ ስክሪን ላይ የማየት ልማድ ያመጣው ከዚህ ነው።

ኪሩቤል ከመጣ ሦስት ዓመቱ ነው። ካሜራው አዲሱ ዓይነት፣ መስታወት የሌለው ነው። በአንድ እጅ ይያዛል፣ በጨለማ ያያል፣ የሰውን ዓይን ራሱ ፈልጎ ያገኛል፤ የሚነሳው ፎቶ ሳይነሳ በፊት በቀዳዳው ውስጥ ይታያል። ድምፁን ካጠፉት ደግሞ ትንፍሽ አይልም። ባትሪ ግን አይበረክትለትም፤ ኪሩቤል አራት መለዋወጫ በኪሱ ይዞ ይዞራል።

«ያንተ ካሜራ እንደ አራስ ልጅ በየሰዓቱ ካልጠባ አይሆንለትም» ይለዋል ግዛቸው።

«ያንተስ? እንደ በር እየተላተመ ሙሽራ ያስደነግጣል።»

አንድ ቀን ከገጠር የመጡ አባት ኪሩቤል ፊት ተቀምጠው አገጫቸውን እንዳነሱ ቆዩ፤ ቆዩ፤ ፊታቸው ቀላ። በመጨረሻ «ልጄ፣ መቼ ነው የምታነሳኝ?» አሉት። ኪሩቤል ሠላሳ ጊዜ አንስቷቸዋል። ሠላሳውም ላይ ትንፋሻቸውን እንደያዙ ነበሩ። ድምፁን ስላልሰሙ ፊታቸው አልመጣም።

ሦስተኛዋ ሲፈን ናት፤ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ካሜራ የላትም። ሰውን በርጩማው ላይ የምታስቀምጥ፣ ኮሌታ የምታስተካክል፣ ብርሃን የሚመልሰውን ነጭ ሰሌዳ የምትይዝ፣ የምታትም እሷ ናት። የአርባ ዓመቱን ኔጋቲቭ በብስኩት ቆርቆሮዎች ለይታ በየመንደሩና በየዓመቱ ያስቀመጠችውም እሷ ናት። «የማን ልጅ ነህ?» ብላ ሰው ማሳቅ ታውቅበታለች። እስከዚያ ጊዜ ድረስ በእርሳስ የተጻፈ ስሟ በአንድም ፎቶ ጀርባ ላይ የለም።

ጋሽ ቀጸላ ታመሙ። ልጅ አልነበራቸውም። ባለቤታቸው እትዬ ዘርፌና የእድሩ ሰብሳቢ አቶ በዳሶ ባሉበት ሦስቱን አስጠርተው እንዲህ አሉ፦

«ድንኳን ውስጥ የሚቀመጥ ፎቶ የለኝም። እሱን ፎቶ ከናንተ አንዳችሁ ታነሳላችሁ። እኔ ከሞትኩ፣ ከጀርባው ስሙ የተጻፈው ሰው የሱቁን ቁልፍ ይውሰድ። የቀሩት ከፈለጉ በሱ ሥር ይሥሩ፤ ካልፈለጉ እግዜር ይስጥልኝ።»

«ለሦስታቸውም ብትተውላቸውስ?» አሉ አቶ በዳሶ።

«ለሦስት ሰው የተተወ ቤት በስንት ዓመቱ እንደሚዘጋ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም፣ በዳሶ።»

ግዛቸው ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነበር፤ ከዚያ ሱቅ ሌላ የሚገባበት በር አያውቅም። ኪሩቤል አዲስ አበባ ያገኘውን ሥራ ቁልፉን ተስፋ አድርጎ ትቶታል። ሲፈን፣ ሱቁ ኔጋቲቩን ለማያውቅ ሰው ከተሰጠ ቆርቆሮዎቹ በሁለተኛው ሳምንት ቆሻሻ መጣያ እንደሚገቡ ታውቅ ነበር።

ግዛቸው በግልጽ ሄደ። ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ «ጋሼ፣ ላንሳዎት?» አለ። «ዛሬ አይደለም» አሉት። በማግስቱም ሄደ። አሥራ አንድ ቀን ጠየቀ፤ አሥራ አንድ ቀን «ዛሬ አይደለም» ተባለ። አንዴም ሳይፈቀድለት ቁልፉን አልተጫነም።

ኪሩቤል በዝምታ ሄደ። ጋሽ ቀጸላ ሸለብ ባደረጋቸው ሰዓት ከመስኮቱ አጠገብ ቆሞ፣ ያለ ድምፅ አነሳቸው። ፎቶው እያንዳንዷን ሽበት ያሳያል። እትዬ ዘርፌ ሲያዩት ጮሁ። «በቁሙ አስከሬን አስመሰልከው!» ጋሽ ቀጸላ ነቅተው አዩትና፣ «ሳላውቅ የተወሰደ ፊት የኔ አይደለም። አጥፋው» አሉ። ኪሩቤል እያዩት አጠፋው።

ሲፈን ስለ ፎቶ አላነሳችም። ሙቅ ውኃና ምላጭ ይዛ ሄዳ ጺማቸውን ላጨቻቸው። ግራጫውን ኮት አለበሰቻቸው። «ጋሼ፣ ሱቅዎ ናፍቆዎታል፤ እየዋሹኝ ነው» አለቻቸው። በባጃጅ ወሰደቻቸው። ሱቅ ሲገቡ ቆመው ዙሪያውን አዩ፤ ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው በደንበኞች በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

«አርባ ዓመት ሰው ያስቀመጥኩበት ነገር እንዲህ ይቆረቁራል እንዴ?»

«ሲቆረቁር ነው የኖረው፤ ሰው አክብሮዎት ነው ዝም ያለው» አለች።

ጋሽ ቀጸላ ሦስቱን አዩና፣ «እሺ። አንድ ድምፅ ብቻ። ደክሞኛል። ታላቃችሁ ግዛቸው ነው፤ ግዛቸው ያንሳ» አሉ።

ግዛቸው ቆመ። ካሜራውን ወደ ዓይኑ አነሳ። ሲፈን ነጩን ሰሌዳ ይዛ በግራ በኩል ተንበረከከች። ኪሩቤል በሩ ጋ ካሜራውን ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ ቆሞ ነበር። ጋሽ ቀጸላ አርባ ዓመት የታዘቡትን ስህተት ራሳቸው ሠሩት፤ አገጫቸውን አነሱ፣ ትንፋሻቸውን ያዙ።

«ቋ!»

ግዛቸው አንገቱን ደፍቶ ስክሪኑን አየ። በዚያው ቅጽበት ሲፈን፣ «ጨርሰናል ጋሼ፤ አሁን ሰው ይሁኑ» አለች።

ጋሽ ቀጸላ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ትከሻቸው ወረደ። ወደ ሲፈን ዞረው ሳቁ፤ ጥርሳቸው እስኪታይ። ሳቃቸው ሦስት ሰከንድ ቢቆይ ነው። ግዛቸው ቀና ሲል አልቋል።

ኪሩቤል ካሜራውን ከደረቱ ሳያነሳ ተጭኖ ነበር። ማንም አልሰማም።

ከዚያ ወዲህ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ጋሽ ቀጸላ ሞቱ። ያኔ ኪሩቤል ያነሳውን አወጣ፤ ሲፈን ሁለቱንም ፎቶ አትማ ለእትዬ ዘርፌ ሰጠች። በግዛቸው ፎቶ ላይ አንድ ሽማግሌ ፓስፖርት ሊያወጣ ተቀምጧል። በኪሩቤል ፎቶ ላይ ግን ቀጸላ አለ። እትዬ ዘርፌ ሁለተኛውን ደረታቸው ላይ አስጠግተው ብዙ ቆዩ። ድንኳን ውስጥ የተቀመጠው እሱ ነው። ከአስከሬኑ ፊት ፎቶውን ይዞ የሄደው ግዛቸው ነበር፤ ሌላ ሰው ይያዘው ቢባል እምቢ አለ። ለቀስተኛው ሁሉ «ራሱን ነው! ራሱን ነው!» እያለ አለቀሰ።

አርባው በወጣ ማግስት የእድሩ ሽማግሌዎች እትዬ ዘርፌ ቤት ተሰበሰቡ። ፎቶው ከፍሬሙ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ጀርባው ባዶ ነው። አጠገቡ የጋሽ ቀጸላ እርሳስና የሱቁ ቁልፍ ተቀምጧል።

ግዛቸው እንዲህ አለ። «የተፈቀደው አንድ ድምፅ ነው፤ ያ ድምፅ የኔ ነው። እሱን ሰምተው ነው ፊታቸውን የለቀቁት። የኪሩቤል ካሜራ ብቻውን ቢሆን እስካሁን አገጫቸውን አንስተው ይጠብቁ ነበር። ደግሞም ሳላውቅ የተወሰደ ፊት የኔ አይደለም ያሉት ለማን ነው?»

ኪሩቤል እንዲህ አለ። «ፎቶው ያለው እኔ ሚሞሪ ላይ ነው። የተጫነው የኔ ጣት ነው። ጋሽ ግዛቸው አጎንብሶ ስክሪን ያይ ነበር፤ እኔ ባልኖር ያ ሳቅ አየር ላይ ይቀር ነበር። ሳያውቁ ማንሳት ወንጀል ከሆነ፣ ጋሼ አርባ ዓመት ሙሉ ሲስሉ የኖሩት ጉንፋን ይዟቸው ነው?»

አንድ ሽማግሌ ሳቁን መያዝ አቃተው።

ሲፈን እንዲህ አለች። «አንዱ አሥራ አንድ ቀን ለምኖ አላገኘም፤ ሌላው ሰርቆ አላገኘም። የላጨኋቸው፣ ሱቅ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። ሳቁ የተሳቀው ለኔ ነው፤ ዓይናቸው የት እንደሚያይ ፎቶው ላይ እዩት። ደግሞ ያቺ ቃል ስትነገር ምን እንደሚከተል ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። አውቀው ነው የሳቁት።»

«ካሜራ ሳትነኪ ፎቶ አነሳሁ ትያለሽ?» አላት ኪሩቤል።

«አንተስ ፊት ሳታመጣ?»

«እኔ ዳግመኛ ብጫን ኖሮ አንድ ያሉኝን ሁለት አደርግባቸው ነበር» አለ ግዛቸው ቀስ ብሎ። «ቃል ጠበቅሁ። ቃል የጠበቀ ሰው ሁልጊዜ ባዶ እጁን ነው እንዴ የሚመለሰው?»



አቶ በዳሶ «በቃ፣ እጅ እናውጣ» አሉ። እትዬ ዘርፌ እጃቸውን ከፍ አድርገው ከለከሏቸው። እውነታቸውን ነው። የሰው ዕድሜ የፈጀ ጉዳይ ሻይ እየተጠጣ፣ አጀንዳው ሦስተኛ ተራ ላይ ሆኖ፣ በሰባት እጅ ሲያልቅ አይቻለሁ፤ ከሰባቱ ሁለቱ ስለ ምን እንደወጡ አያውቁም ነበር።

እትዬ ዘርፌ እርሳሱን አነሱ። «እኔ ደክሞኛል ልጆቼ። ያነሳሁት እኔ ነኝ ብሎ በርግጠኝነት የሚያምን፣ እንካችሁ፣ ስሙን ይጻፍ» አሉ።

ሦስቱም እጃቸውን ዘረጉ።

እትዬ ዘርፌ እርሳሱን መልሰው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። ሱቁ እስከ ዛሬ ተዘግቷል። የድሮው ካሜራ ሱቁ ውስጥ ተቆልፎበታል፤ አዲሱ ከነባለቤቱ ደጅ ይጠብቃል፤ ቆርቆሮዎቹ ላይ አቧራ እየወረደ ነው።

ይህን ባወራሁ ቁጥር «ሦስቱንም ጻፉ» የሚል የዋህ አይጠፋም። ሁለት ስም የተጻፈበት ፎቶ ከዚያ ቤት ወጥቶ አያውቅም። «የራሳቸውን የጋሽ ቀጸላን ስም ጻፉ» የሚል ብልጥም አይጠፋም። ሟች ቁልፍ አይረከብም። የፈረደ ሁሉ ደግሞ ቶሎ ይፈርዳል፤ በሌላው ነገር መፍረድ መቼም አያደክምም።

እንግዲህ ፎቶው ተደፍቶ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ጀርባው ባዶ ነው። እርሳሱን ለእናንተ ሰጥቻለሁ። ፊቱን ያስለቀቀው ግዛቸው ነው? የያዘው ኪሩቤል ነው? ያመጣችው ሲፈን ናት? አንድ ስም ብቻ፤ የማንን ትጽፋላችሁ?