የአራሷ ነብር መጋረጃ

አንድ ንጉሥ ከቤተ መንግሥቱ ርቃ በወንዝ ዳር ለተቆረቆረች ከተማ የአራዊት ግቢ ሰጣት። አንበሳና ነብር፣ ጦጣና ሚዳቋ፣ አንዲት ያረጀች ኤሊም በውስጡ ነበሩ። ንጉሡ ግቢውን ሲሰጥ አብሮ አንድ ትእዛዝ ሰጠ። «እነዚህ አራዊት የሕዝቡ ናቸው። ቢወልዱም፣ ቢታመሙም፣ ቢሞቱም፣ ከቦታቸው ቢነሡም በገበያ ቀን በነጋሪት ይነገር። ሕዝቡ ሳያውቅ አንዲት ጦጣ እንኳ እንዳትጎድል።»

ይህን የሚናገረው ጎሹ የሚባል አዋጅ ነጋሪ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው ሲሞላ በግቢው በር ላይ ይቆምና ነጋሪቱን ይጎስማል። «ስማ፣ ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ይልና የሳምንቱን ነገር አንድ በአንድ ይናገራል። ኤሊዋ ምግብ እንቢ ብላለች ያለ ለት አሮጊቶች ጸበል በቅል ይዘው መጡላት። ያረጀው አንበሳ ሞተ ባለ ጊዜም ነጋዴው ዕቃውን ሸፍኖ፣ እጁን አጣምሮ ቆመ። የከተማው ሰው አራዊቱን እንደ ጎረቤቱ ያውቃቸው ነበር። በዚያች ከተማ «ጎሹ ብሏል» ከተባለ ክርክር አለቀ ማለት ነው።

ጎሹ ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ያለችው አንዲት ልጁ ብቻ ነበረች። ስሟ የሻረግ ነው። ከመስቀል በኋላ ልትዳር ታጭታ ነበርና ዘወትር እንዶዷን ወቅጣ፣ ጥሎሿን ተሸክማ ወንዝ ትወርዳለች። የማጠቢያው ድንጋይ ያለው ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ከከበበው ጥግ ነው።

አንድ ዓርብ ጠዋት የከተማው ሹም ጎሹን አስጠራው። በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ነብሯ ወጥታለች» አለው። «ጠባቂው በሩን ሳይቀረቅረው ሄዶ ነው። አዳኞች ልኬአለሁ።»

ጎሹ አማተበ። «በስመ አብ! እንግዲያው ነገ ገበያ ነው ጌታዬ፤ ልንገር። ሰዉ ልጁን ይሰብስብ፣ ከብቱን ያስገባ።»

«ነብር አመለጠች ብለህ ገበያ መሐል ልትጮህ? ሰው በግርግር ተረጋግጦ ያልቃል። ደግሞ ንጉሡ ለመስቀል ይመጣሉ። እስከዚያ ትያዛለች፣ ነገሩም ይረሳል።»

«ባዶውን በረት ሲያዩስ ምን ልበላቸው?»

ሹሙ ጢሙን እየዳሰሰ ትንሽ አሰበ። «ወልዳለች በል። አራስ ናት፣ ዓይን እንዳይነካት ተጋርዳለች በል። መጋረጃ እናስጥልበታለን። የአራስ መጋረጃ የሚገልጥ ክርስቲያን የት ይገኛል?»

«ጌታዬ፣ ይኼ ውሸት ነው።»

«ምን ውሸት አለው? ማቆየት ነው እንጂ። መርዶ እንኳ እንደመጣ ይነገራል? ቀን ይመረጥለታል፣ ሰው ይሰበሰብለታል። እኛም በቀኑ እንነግራቸዋለን።»

ጎሹ ይህን ሲሰማ ልቡ ተረታ። መርዶ ማቆየት ደግነት እንደ ሆነ ከአባቶቹ ያየው ነውና ይህም ደግነት መሰለው። ሹሙም መስቀል አስመትቶ አስማለው፦ «ለማንም። ለልጅህም ቢሆን።»

በማግሥቱ ጎሹ ነጋሪቱን ጎሰመ። ነብሯ በሰላም መገላገሏን፣ አራስ በመሆኗም መጋረዷን ተናገረ። ድምፁ እንደ ወትሮው ጥርት ያለ ነበር፤ እሱን ያስፈራውም ይኸው ነው። ሴቶቹ እልል አሉ። ሰኞ ዕለት እትዬ ደብሪቱ የተባሉት ባልቴት ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው፣ ቅቤው መሐል ለመሐል የቀለጠ ገንፎ ይዘው ከበሩ ደረሱ።

«እማማ፣ ነብር ገንፎ ትበላለች እንዴ?» አለቻቸው አንዷ።

«ባትበላም አራስ ባዶ እጅ አይጠየቅም። ጠባቂው ይብላላት።»

«ቆይ ግን፣ በግቢው ወንድ ነብር የለ። ይቺ ሴትዮ ከማን ነው የወለደችው?»

«ዝም በይ! በሰው አራስ ቤት እንዲህ ይጠየቃል? ከዱር ይዛው መጥታ ይሆናላ!»

ሳቁ። ከመጋረጃው ማዶ «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» ብለው ምርቃታቸውን አዥጎደጎዱ። ጠባቂው ገንፎውን ተቀብሎ አንገቱን ደፋ። ጎሹ ዳር ቆሞ ይህን ሁሉ አየ።

ማታ ለልጁ «የሻረግ፣ ወንዝ መውረዱን ለጊዜው ተዪው» አላት።

«ለምን አባዬ?»

«እንዲያው... ውሃው ይቀዘቅዛል።»

«አባዬ ደግሞ! ልጅ ሳለሁ ያልቀዘቀዘኝ አሁን ይቀዘቅዘኛል? ወይስ ልዳር ስል ሙሽራዋ ጉንፋን እንዳይዛት ነው?» ብላ ሳቀችበት። ሊነግራት አፉን ከፈተ፤ መሐላው ትዝ አለውና ዘጋው። ነገ ትያዛለች፣ ከነገ ወዲያ ትያዛለች እያለ ራሱን አባበለ። በየማለዳው ለልጁ ሥራ እየፈጠረ ቤት ያውላታል፤ ምክንያት ሲያልቅበት ይቆጣታል። እሷም አባቷ በሠርጓ ምክንያት ሆድ ብሶት ነው ብላ አዘነችለት።

ነብሯ ግን አልተያዘችም። ከወንዙ ወዲህ ፍየል ጠፋ፤ ጅብ ነው ተባለ። የአንዱ ውሻ ጠፋ፤ እሱም ጅብ ነው ተባለ። በሁለተኛው ቅዳሜ ላቀው የሚባል እንጨት ሻጭ ሸክሙን ጥሎ፣ እያለከለከ ገበያው መሐል ገባ።

«ነብር አየሁ! በዓይኔ በብረቱ፣ ከማጠቢያው ድንጋይ አጠገብ ውሃ ስትጠጣ!»

ገበያው በሳቅ ፈነዳ። «አንተ ላቀው፣ ጠላ ቤት ከመግባትህ በፊት ነው ያየሃት ወይስ ስትወጣ?» አለው አንዱ። ሌላው ደግሞ «አራሷ ጸሐይ ልትሞቅ ወጥታ ነዋ! ልጆቿንስ አዝላ ነበር?» አለው።

ላቀው ሳቁን ሁሉ ትቶ ወደ ጎሹ ዞረ። «አያ ጎሹ፣ እነዚህን ተዋቸው። አንተ ንገረኝ። ነብሯ ውስጥ ናት ወይስ የለችም?»

ጎሹ ቀና ቢል ሹሙ በሰገነቱ ላይ ቆሞ ያየዋል። ወደ ታች ቢል የሻረግ ከጓደኞቿ ጋር ቆማ፣ በአባቷ ኮርታ ትጠብቀዋለች። በዚያች ቅጽበት እውነቱን ቢናገር አንገቱ ይቆረጥ ይሆናል፤ ሌላ የሚሞት ግን አልነበረም።

«ውስጥ ናት» አለ።

ላቀው ዓይኑን አሻሸ። «አንተ ካልህማ የዋሸኝ ዓይኔ ነው» ብሎ ሸክሙን ሊያነሣ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ጎሹ ሹሙ ጠርቶት ከቤት በወጣ ጊዜ የሻረግ ከጓደኛዋ ጋር ጥሎሿን ይዛ ወንዝ ወረደች። ቁጥቋጦው ዘንድ ሲደርሱ ጓደኛዋ የላቀው ነገር አስፈርቷት ቆመች። የሻረግ ግን «አባቴ ውስጥ ናት አላለም እንዴ? አባቴ ሲዋሽ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» አለቻትና ቀድማ ገባች።

ጓደኛዋ ብቻዋን ተመለሰች።

ሽማግሌዎች ተሰብስበው ወደ ጎሹ ቤት መጡ። እንደ ወጉ ስለ ዝናቡና ስለ አዝመራው አወሩለት። ከዚያ አንደኛው ጉሮሮውን ጠራርጎ «ጎሹ፣ ልጅህን ትንሽ አሟታል» አለው።

ጎሹ ሁሉንም ተራ በተራ አያቸው። «ሞታለች በሉኝ» አለ። «ስለ እግዚአብሔር፣ እናንተ እንኳ አታቆዩኝ።»

ከቀብር መልስ ጎሹ ለቅሶ ቤት አልተቀመጠም። ነጋሪቱን አንሥቶ፣ የገበያ ቀን ሳይሆን፣ ከግቢው በር ቆመና እውነቱን ሁሉ ተናገረ። ማን እንዳዘዘው፣ እሱም እንደታዘዘ፣ መጋረጃው ባዶ እንደጋረደ። ድንጋይ የወረወረበት የለም። የሰደበውም የለም። እትዬ ደብሪቱ ብቻ «ለባዶ በረት እልል አልን» ብለው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሄዱ። ስድብ ቢሆን ይሻለው ነበር።

ነብሯን አዳኞች ገደሏት። ንጉሡም ነገሩን ሰምቶ ሹሙን ሻረው። የተተካው ሹም መልካም ሰው ነበር፤ መጋረጃውን አስቀደደ፣ ሁሉም ነገር በግልጽ እንዲነገር አዘዘ። ጎሹም ነብሯ መሞቷን፣ ወንዙ ሰላም መሆኑን በነጋሪት አወጀ። ቆዳዋንም በአደባባይ ሰቀለው። ሰዎች ቆዳውን ቀረብ ብለው አዩትና «የሌላ ነብር ቢሆንስ?» ተባባሉ። ከዚያ ወዲያ ያንን ወንዝ የወረደ የለም። ሴቶች ጋራውን ዞረው ከሩቅ ምንጭ እየቀዱ ወገባቸው ጎበጠ።

በኋላም ጦጣዎቹን ክፉ በሽታ ያዛቸው። ጎሹ በዚያው ቀን፣ አንዲት ሰዓት ሳያቆይ «ጦጣዎቹ ታመዋል፤ ልጆቻችሁን አርቁ!» ብሎ ለፈፈ። ሰዎቹ ግን «ደግሞ ምን ሊደብቁ ነው?» አሉ። ራሳቸው ሊያዩ ልጆቻቸውን አዝለው፣ ጠባቂዎቹን ገፍተው ገቡ። በዚያ ወር የከተማይቱ ቤተ ክርስቲያን ደወል ለልጆች ቀብር ሲደወል ሰነበተ። ፈርተው ቢርቁ በሚድኑበት ጊዜ አምነው ቀረቡ፤ አምነው ቢርቁ በሚድኑበት ጊዜ ተጠራጥረው ገቡ።

ጎሹ እስኪሞት ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ እውነቱን ተናገረ። ሻጩ ይሸጣል፣ ገዢው ይገዛል፤ ቀና ብሎ የሚያየው ግን አልነበረም። እግዚአብሔር ለንስሐው ይቅር ብሎት ይሆናል፤ እሱ መሐሪ ነው። የሻረግንና የእነዚያን ሕፃናት ግን ንስሐው አልመለሳቸውም።

ወገኖቼ፣ ክፉ ነገርን የሚደብቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ክፉ ልብ የለውም። ሰው እንዳይደነግጥ፣ በዓሉ እንዳይበላሽ፣ እስኪስተካከል ብሎ ነው። መርዶ ቢቆይ የሞተው አስቀድሞ ሞቷል፤ ማቆየቱ አይጎዳውም። የአደጋ ወሬ ግን ሲቆይ ገና ያልሞቱት ናቸው የሚሞቱት። የሰውን አመኔታ በአደራ የያዘ፣ የአውሬ ጠባቂም ይሁን የከተማ ሹም፣ የቤት አባወራም ይሁን እናት፣ አንድ ቀን ያጎደለውን በዕድሜው ሙሉ እውነት ላይሞላው ይችላል።

ዛሬ በእናንተ ቤት «ለጊዜው አይነገር» ተብሎ የተጋረደ ነገር ይኖር ይሆን? ካለስ፣ ቃላችሁን አምኖ ነገ በዚያ መንገድ የሚያልፈው ማን ነው?