የሆዱ መድኃኒት እግር ላይ

በጥንቷ ቻይና ሊያንግ የሚባል አንድ የአውራጃ ገዥ ነበር። መብላት ባማረው ቁጥር ወታደሮቹ ገበሬውን እየገረፉ ዳክዬውንም ሩዙንም ያመጡለታል፤ እሱም ትንፋሽ እስኪያጥረው ይበላል። ታዲያ አንድ ቀን በድግስ ማግስት ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፋና መቀመጥም መቆምም አቃተው።

በመርፌ በማከም የታወቀች አንዲት የገጠር ባልቴት ተጠርታ መጣች። ምላሷ ከመርፌዋ የባሰ ነው እየተባለ ይወራላት ነበር።

«ምን በልተው ነው ጌታዬ?» አለችው።

«ምንም! ሦስት ዳክዬ ቀመስኩ እንጂ የበላሁት የለም» አላት።

ባልቴቷ የእጁን የደም ሥር ዳሰሰች፤ የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ ከዝንጅብል ጋር አፍልታ አጠጣችው። ከዚያም ለሆድ ሕመም አያቶቿ እንዳስተማሯት፣ መርፌዋን ከጉልበቱ በታች ሰካችው።

ገዥው ከተኛበት ዘሎ ተነሣ።

«አንቺ ደንቆሮ! ሆዴን አመመኝ ብልሽ እግሬን ትወጊኛለሽ? በሹማምንቶቼ ፊት ልታላግጪብኝ ነው? በይ ምክንያትሽን ተናገሪ፤ ካላሳመንሽኝ ሃምሳ ጅራፍ ትቀምሻለሽ!»

ጅራፍ ያዡ ወታደር ወደ እሷ ቀረበ። ባልቴቷ ግን መርፌዋን ሳትነቅል ቀና ብላ ገዥውን አየችው።

«ጌታዬ፣ የሆድን ነገር በሌላ አካል ላይ መጨረስ እኔ አልጀመርኩትም። የእርስዎ ሆድ በራበው ቁጥር የሚገረፈው የእኛ ጀርባ ነው። እኔስ የወጋሁት የባለሆዱን የራሱን እግር ነው።»