ልጄን ጥንቅሽ በሉልኝ

ጆሯችሁን ስጡኝና አንድ ስም ከደጅ ደጅ ሲንከራተት የዋለበትን ወሬ ላጫውታችሁ።

አጋምበር በምትባል የደጋ መንደር አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። የተወለደችው እታች ቆላ፣ ማሽላና ጥንቅሽ ከሚበቅልበት አገር ነው። ደርበው አገባትና ዳገቱን ይዟት ወጣ። የበኩር ልጃቸው ይርጋ ይባል ነበር፤ መዳህ እንደ ጀመረ ኩፍኝ ወሰደባቸው። ከእሱ በኋላ አንጓች ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቱ ደህና ጠባች፣ ደህና ተኛች፣ ክርስትናም ተነሣች። የጎደላት የቤት ስም ብቻ ነው።

አንጓች የፈለገችው ትንሽ ነገር ነበር። ልጇ ጥንቅሽ እንድትባል።

«የሚላጠው ጥንቅሽ? የሚመጠጠው?» አለ ደርበው፣ የበሬዎቹን ጠፍር እየቋጠረ።

«አዎ፣ እሱ። አንተ አንድ ጊዜ ጥራልኝ፤ ሰው ይለምደዋል።»

ደርበው ሚስቱን ይወዳል። ነገር ግን እናቱ ብቻቸውን ያሳደጉት ልጅ ነው፤ እናቱ ደግሞ ልጅቱን «ምትኬ» ማለት ጀምረዋል። የሞተው ምትክ ማለታቸው ነው። ምትኬ ባሉ ቁጥር ለአንጓች ይርጋ እንደገና የሚቀበር ይመስላታል።

«እናቴ ካልጠራች እኔ አልጠራም» አለ ደርበው፤ በሬዎቹንም እየነዳ ሄደ።

አንጓች ልጇን አዘለች። አማቷ ካልጠሩ ባሏ አይጠራም፤ ባሏ ካልጠራ ልጅቱ ስም የላትም።

አማቷ ወይዘሮ ውድነሽ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

«እማማ፣ ልጅቱን ጥንቅሽ ብለው ይጥሩልኝ። እርስዎ ካልጠሩ ደርበው አይጠራም፤ ደርበው ካልጠራ ልጄ ስም የላትም።»

«ስምማ አላት። ምትኬ ናት።»

«እማማ፣ ይርጋ ምትክ የለውም። እሷም የማንም ምትክ አይደለችም።»

ወይዘሮ ውድነሽ መልቀማቸውን አቆሙ። ይርጋን እሳቸውም አዝለውት ነበር፤ ከተቀበረ ወዲህ ስሙን ከአፋቸው አውጥተው አያውቁም። ምስሩን ወደ ጎን ገፋ አደረጉና፣ «ልጅቱን ከሆድሽ የተቀበለቻት ደብሬ ናት» አሉ። «በእኛ ቤት ልጁን የተቀበለች ሴት ናት ስሙን መጀመሪያ የምትጠራው። ደብሬ ካልጠራች እኔ አልጠራም።»

አንጓች ወደ አዋላጇ ሄደች። አዋላጇ ካልጠራች አማቷ አይጠሩም፤ አማቷ ካልጠሩ ባሏ አይጠራም፤ ባሏ ካልጠራ ልጅቱ ስም የላትም።

አዋላጇ ደብሬ በሯ ላይ አገጯን ይዛ ተቀምጣለች። ሰው ሲመጣ ተነሥታ የምትስም ሴት ዛሬ አልተነሣችም።

«እትዬ ደብሬ፣ ልጄን ጥንቅሽ ብለሽ ጥሪልኝ። አንቺ ካልጠራሽ አማቴ አይጠሩም፤ አማቴ ካልጠሩ ባሌ አይጠራም፤ ባሌ ካልጠራ ልጄ ስም የላትም።»

ደብሬ «ጥንቅሽ» ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። «ስሙን አልጠላሁትም እህቴ። ግን ያንን ድምፅ ሰማሽው?»

ከወዲያ ግቢ ጊደር ታገሣለች።

«የእኔ ጊደር ናት። ጎረቤቴ ፈንታው ጎመኔን በላች ብሎ አስሯታል። እሷ እንደዚህ እየጮኸች እኔ ሰው ቤት ገብቼ እልል ማለት አይሆንልኝም። ጊደሬ ካልተፈታች አልጠራም።»

አንጓች ወደ ፈንታው ሄደች። ጊደሯ ካልተፈታች አዋላጇ አትጠራም፤ አዋላጇ ካልጠራች አማቷ አይጠሩም፤ አማቷ ካልጠሩ ባሏ አይጠራም፤ ባሏ ካልጠራ ልጅቱ ስም የላትም።

ፈንታው ጓሮው ውስጥ ቆሞ የተበላ ጎመኑን ያያል። ሰላምታዋን በቅጡ ሳይመልስ፣ «ለጊደሯ ከሆነ የመጣሽው አልፈታም» አለ።

«ለጊደሯ አይደለም ጋሼ፣ ለልጄ ስም ነው። ጊደሯ ካልተፈታች ደብሬ አትጠራም፤ ደብሬ ካልጠራች አማቴ አይጠሩም፤ አማቴ ካልጠሩ ባሌ አይጠራም፤ ባሌ ካልጠራ ልጄ ስም የላትም።»

«ምን ልትያት ነው?»

«ጥንቅሽ።»

ፈንታው እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። አንጓች አልሳቀችም። ፊቷን ሲያይ እሱም ተወው፤ ትንሽም አፈረ። «እኔ ከእንስሳ ጋር ጠብ የለኝም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አጥሬ ፈርሷል። ዛሬ ብፈታት ነገ ተመልሳ ጎመኔ ላይ ናት። አጥሬን እንዳላጥር መጥረቢያዬ ተሰብሮ እንድሪስ ዘንድ ተኝቷል። እሱ ካልተሠራ አጥር የለም፤ አጥር ከሌለ አልፈታም።»

አንጓች ወደ ብረት ቀጥቃጩ ወደ እንድሪስ ወረደች። መጥረቢያው ካልተሠራ አጥሩ አይታጠርም፤ አጥሩ ካልታጠረ ጊደሯ አትፈታም፤ ጊደሯ ካልተፈታች አዋላጇ አትጠራም፤ አዋላጇ ካልጠራች አማቷ አይጠሩም፤ አማቷ ካልጠሩ ባሏ አይጠራም፤ ባሏ ካልጠራ ልጅቱ ስም የላትም።

እንድሪስ ወናፉን ትራስ አድርጎ ጋደም ብሏል። ምድጃው ቀዝቅዟል፤ የሰው ማረሻና ማጭድ ግድግዳው ሥር ተከምሯል። አንጓች ነገሩን ከሥሩ እስክትጨርስ ሰማት።

«የፈንታው መጥረቢያ ይኸውልሽ» አለና በእግሩ ገፋ አደረገው። «አሁን ብችል አሁን እሠራው ነበር። ከሰል የለም። ብረት ደግሞ በልመና አይግልም። ይማም ከሰል ካላመጣ እኔ አልቀጠቅጥም።» ልትወጣ ስትል ግን ጠራትና ውኃ ሰጣት። «ትንሽ ጠጪ። ፊትሽ ገርጥቷል።»

ጠጣችና ወደ ከሰል አክሳዩ ወደ ይማም ዳገቱን ተያያዘችው። ልጅቱ ጀርባዋ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። ከሰሉ ካልከሰለ መጥረቢያው አይሠራም፤ መጥረቢያው ካልተሠራ አጥሩ አይታጠርም፤ አጥሩ ካልታጠረ ጊደሯ አትፈታም፤ ጊደሯ ካልተፈታች አዋላጇ አትጠራም፤ አዋላጇ ካልጠራች አማቷ አይጠሩም፤ አማቷ ካልጠሩ ባሏ አይጠራም፤ ባሏ ካልጠራ ልጅቱ ስም የላትም።

ይማም እንጨቱን ደርድሮ፣ በሣር ሸፍኖ፣ አፈር አልብሶ ጨርሷል። ክብሪቱን ጭምር እጁ ላይ ይዟል። ግን አልለኮሰም።

«ያቺን ወይራ አየሻት?» አላት። «እላይዋ ላይ ያለው ቀፎ የእማማ አልጋነሽ ነው። ጭሴ በቀጥታ ወደ እሱ ነው የሚሄደው። ጭስ ከበዛበት ንቡ ጥሏቸው ይሄዳል፤ እሳቸው ደግሞ ከዚያ ንብ ሌላ ሀብት የላቸውም። ቀፎው ካልወረደ አልለኩስም።»

«አውርዱልኝ ብለህ ነገርካቸው?»

«ነገርኳቸው። ሰው የለኝም አሉኝ። እኔ ንብ እፈራለሁ፤ ምን ልዋሽሽ።»

አንጓች ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ልጅቱም ነቅታ አለቀሰች፤ አንጓች ጡቷን እየሰጠቻት እሷም አብራ አለቀሰች። ይማም የሚያደርገው ጠፍቶት ፊቱን አዞረ። ስታለቅስ ቆይታ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገችና ተነሣች።

እማማ አልጋነሽ ከወይራዋ ሥር ባለች ጎጆ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። አንጓች ገብታ እጅ ነሣችና ትንፋሽ ሳትሰበስብ ጀመረች።

«እማማ፣ ቀፎው ካልወረደ ከሰሉ አይከስልም፤ ከሰሉ ካልከሰለ መጥረቢያው አይሠራም፤ መጥረቢያው ካልተሠራ አጥሩ አይታጠርም፤ አጥሩ ካልታጠረ ጊደሯ አትፈታም፤ ጊደሯ ካልተፈታች አዋላጇ አትጠራም፤ አዋላጇ ካልጠራች አማቴ አይጠሩም፤ አማቴ ካልጠሩ ባሌ አይጠራም፤ ባሌ ካልጠራ ልጄ ስም የላትም።»

«ተቀመጪ መጀመሪያ» አሉ እማማ አልጋነሽ። «ማን ልትያት ነው?»

«ጥንቅሽ።»

«ለምን?»

አንጓች ቀና ብላ አየቻቸው። ከጧት ጀምሮ በገባችበት ቤት ሁሉ ይህን የጠየቃት አልነበረም።

«የመጀመሪያው ልጄ ከሞተ በኋላ እህል አልወርድ አለኝ» አለች ቀስ ብላ። «ይቺን አርግዤ እንኳ የምበላው ሁሉ አመድ አመድ ይለኝ ነበር። አማቴ ያላበሰሉልኝ ነገር የለም። ወንድሜ ከቆላ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ጥንቅሽ ይዞ መጣ። እንቢ እንዳልለው ብዬ አንዷን በጥርሴ ላጥሁና መጠጥሁ። ጣፈጠኝ እማማ። ሌላም ላጥሁ። ይቺም ያኔ ሆዴ ውስጥ ተገላበጠች፤ የመጀመሪያዋ ነበር። እዚያው ተቀምጬ፣ ይቺ ሌላ ሰው ናት አልሁ፤ ራሷን የቻለች ሌላ ሰው። ምትኬ ሲሏት ታዲያ ሁለቱንም የሚቀሙኝ ይመስለኛል።»

እማማ አልጋነሽም የቀበሩት ልጅ አላቸው። ከዚያ ወደ ሕፃኗ ጎንበስ አሉና «ጥንቅሽ» አሏት፣ ዱሮ እንደሚያውቋት ሁሉ። ሕፃኗ የእናቷን ጡት ትታ አየቻቸው።

«ቀፎውን እኔም ማውረዱን አልጠላሁ» አሉ ቀና ብለው። «ገመዱን ከታች የሚይዝልኝ ነው ያጣሁት። ንቡ ፀሐይ ስትጠልቅ ይገባል። ትይዥልኛለሽ?»

አንጓችም ንብ ትፈራለች። «እይዛለሁ» አለች።

ፀሐይ ስትጠልቅ ልጅቱን ጎጆ ውስጥ አስተኝታ በሩን ዘጋች። አሮጊቷ መሰላል ላይ ወጥተው፣ ገመዱን በቅርንጫፉ ላይ አሳልፈው ቀፎውን አሰሩና ጫፉን ወደ ታች ጣሉላት። ቀፎው ከቅርንጫፉ ሲላቀቅ ከባድ ነበር፤ ውስጡ ያጉረመርማል። አንዲት ንብ ክንዷ ላይ ነደፈቻት። ገመዱን አልለቀቀችም። ቀፎው ቀስ እያለ ወረደና መሬት ነካ፤ ሁለቱ ሴቶች ተሸክመው ጭስ ከማይደርስበት ከጎጆው ጀርባ አስቀመጡት።

ከዚያ በኋላማ ነገሩ ማን ያቆመዋል። ቀፎው ሲወርድ ከሰሉ ተለኮሰ፤ ከሰሉ ሲደርስ መጥረቢያው ተሠራ፤ መጥረቢያው ሲሠራ አጥሩ ታጠረ፤ አጥሩ ሲታጠር ጊደሯ ተፈታች። ጊደሯ ስትፈታ ደብሬ አንገቷን አቅፋ ሳመቻት፤ ነጠላዋን አጣፍታ ቀጥታ ወደ ደርበው ቤት ገሰገሰች።

ደብሬ እልልታዋን ከአጥሩ ውጭ ነው የጀመረችው። ገብታ ሕፃኗን ከአንጓች እጅ ተቀበለችና ከፍ አድርጋ፣ «ጥንቅሽ» አለች።

ወይዘሮ ውድነሽ እልልታውን ከሰሙ የጎረቤት ሴቶች ጋር መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል። ሁሉም እሳቸውን አየ። ልጅቱን ተቀበሉና ፊቷን ብዙ አዩ።

«ጥንቅሽ» አሉ በመጨረሻ። ቀጥለውም ቀስ ብለው፣ «ይርጋዬም ይርጋ ነው። ነፍሱን ይማረው» አሉ።

አንጓች የአማቷን እጅ ይዛ ሳመች። እሳቸውም አንገቷን አቅፈው ሁለቱም አለቀሱ፤ ይህኛው ለቅሶ ግን ልብ የሚያቀል ነበር።

ደርበው ያን ጊዜ ከእርሻ መጣ። ቤቱ በሴት ተሞልቶ፣ እናቱና ሚስቱ ተቃቅፈው ሲያይ ደንግጦ ቀንበሩን እንደ ተሸከመ ቆመ። «እኔ ጠርቻታለሁ፤ ያንተ ነው የቀረው» አሉት እናቱ።

ደርበው ቀንበሩን አወረደ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ትንሽ አፈረና፣ ገና መዳህ ያልጀመረችውን ልጅ፣ «ጥንቅሽ፣ እስቲ ነይ ወዲህ» አላት።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንጓች ልጇን ወስዳ እቅፉ ውስጥ አስቀመጠችለትና ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ደርበው ስሙን ደጋገመው፤ አንዴ በለሆሳስ፣ አንዴ ጮክ ብሎ፣ አንዴ «ጥንቅሽዬ» እያለ። አንጓች ዓይኗን ጨፍና ሰማችው። ከእንግዲህ ማንንም የምትለምነው ነገር አልነበራትም።

ስሙ ከአፍ ወደ አፍ ሲል እኔም ዘንድ ደረሰ፤ ከእኔም ይኸው እናንተ ዘንድ። ልጅቱን ካገኛችኋት በስሟ ጥሯት።