ጃርት ለቅሶ የተቀመጠች ዕለት

ቀረብ በሉና ተረት ላውራችሁ። እንስሳት እንደ ሰው በሚነጋገሩበት በዚያ በድሮ ዘመን፣ ጃርት፣ ጥንቸል፣ ከርከሮና ድኩላ በአንድ ሸለቆ ውስጥ ተጎራብተው ይኖሩ ነበር። አንድ በጋ ሰደድ እሳት ተነሥቶ ሸለቆውን በላው። ብዙዎች አለቁ። የጃርት ባል ልጆቹን አውጥቶ አሮጊት እናቱን ሊያመጣ ተመልሶ ገባ፤ እዚያው ቀረ። የተረፉት ሮጠው አንድ ራሰ በራ አለት ላይ ወጡ።

ክረምት መጣ፣ ዘነበ፣ ሸለቆው ለመለመ። እነሱ ግን አልወረዱም። ጠዋት ጠዋት ጉም ከታች በተነሣ ቁጥር "ጭስ ነው፣ ጭስ ነው" እያሉ ይራወጣሉ። አያ ጅቦም ይመጣና፣ "ልክ ናችሁ፤ እሳቱ ሣሩ ሥር ተደብቋል። እዚሁ ሁኑ። ስለዚያ ቀን ካወራችሁ ደግሞ ይሰማና ይመለሳል" ይላቸዋል። ከዚያ በረሃብ የደከመውን እየጠበቀ ይበላል።

ጃርት ልጆቿ ሲከሱ አየችና ወደ ጥንቸል ሄደች። "እንውረድ እህቴ" አለቻት። ጥንቸል መንቀጥቀጥ ጀመረች።

ወደ ከርከሮ ሄደች። "እንውረድ ጋሼ" አለችው። "ዞር በይልኝ" ብሎ ጮኸባት።

ወደ ድኩላ ሄደች። "እንውረድ እናቴ" አለቻት። ድኩላ ከእሳቱ ወዲህ ቃል ወጥቷት አያውቅም፤ ፊቷን አዞረች።

ጃርት ብቻዋን ልትወርድ ተነሣች፤ የእሷም እግር እንቢ አላት። ያኔ ነው ባሏን እንኳ እንዳላለቀሰችው ትዝ ያላት። ማንም ማንንም አላለቀሰም። አለቱ መሐል ሄዳ ተቀመጠችና ደረቷን እየመታች፣ "የኔ ጌታ፣ ልጆቼን አውጥተህ አንተ ቀረህ" ብላ ማልቀስ ጀመረች።

ጥንቸል መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። "የእኔም እናት ቀረች" አለች። ከርከሮ መጣ። "ወንድሜን ስጠራው፣ ስጠራው፣ ድምፁ ጠፋ" አለ፤ ቁጣው እንባ ሆነ። በመጨረሻ ድኩላ መጣች። ማንም አላጣደፋትም። ቆይታ ቆይታ፣ "ግልገሌ" አለች። ሁሉም አቅፈዋት አለቀሱ።

አያ ጅቦ እየሮጠ መጣ። "ዝም በሉ፣ እሳቱ ይሰማችኋል" አለ።

"ስናወራ ዋልን እኮ፤ እሳቱ ታዲያ የታለ?" አለችው ጃርት። ጅቦ እያጉረመረመ ወረደ።

በማግስቱ ጉሙ ተነሣ። ጥንቸል ተንቀጠቀጠች፤ ግን አልሮጠችም። ጃርት ወደ ታች አየችና፣ "አንተ ማነህ?" አለች።

"ጉም ነኝ፤ ካላመናችሁ አሽትቱኝ" አለ።

አሸተቱት። እርጥብ አፈር ይሸታል።

ጥንቸልንና ልጆቹን መሐል አድርገው፣ ከርከሮ ከፊት፣ ድኩላ ከኋላ ሆነው ወረዱ። አያ ጅቦ መንገዱን ዘግቶ፣ "ማን ፈቀደላችሁ?" አለ። ከርከሮ ክራንቻውን አሳየው፤ ጃርት እሾኋን አቆመች፤ ድኩላ በሰኮናዋ መሬቱን ደበደበች። ጥንቸል ሳትቀር እየተንቀጠቀጠች፣ "ዞር በል" አለችው። ጅቦ ጭራውን እግሩ መሐል ከትቶ ሸሸ፤ በዚያ አገር ዳግም አልታየም።

ሸለቆው ውስጥ ሣሩ ጉልበት ድረስ ቆሟል። ከሰል የመሰለ አንድ ጉቶ ለጋ ቅጠል አውጥቶ፣ "ኧረ እንኳን መጣችሁ፤ ጥላዬን የሚሻ አጥቼ ነበር" አላቸው። ልጆቹ በሣሩ ላይ ተንከባለሉ። ያን ጊዜ እልልታውን ያቀለጠችው፣ ያቺ ዝምተኛዋ ድኩላ ነበረች።

እንግዲህ መከራ የደረሰበትን ሰው "እርሳው" አትበሉት፤ አብራችሁት ተቀመጡ፣ አብራችሁት አልቅሱ፣ ሲነሣም አብራችሁት ሂዱ። እኔ ተረቴን ጨረስኩ፤ እናንተ ደግሞ ላልሰማ አሰሙት።