የጋሽ ጩራሞ ፊርማ

ሰውየው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። መጻፍ አቃተው።

ምን ሰምቶ መሰላችሁ? እትዬ ዳሳሌች «አዎ፣ ፈርሟል» አሉታ።

ማን? ባላቸው፣ ጋሽ ጩራሞ። ቦዲቲ አካባቢ ያለች የአንዲት ቤተክርስቲያን መሥራች። ደርግ ቤተክርስቲያኗን አሽጎ እሳቸውን ሲያስር፣ ግማሹ ሰው ሦስት ዓመት ታስረው አንዴም አልተበገሩም ይላል። ግማሹ ደግሞ ተዉን እባካችሁ፣ «እምነቴን ትቻለሁ» ብሎ ፈርሞ ነው የወጣው ይላል። ሰውየው ለቤተክርስቲያኗ ሃምሳኛ ዓመት በዓል የጋሽ ጩራሞን የሕይወት ታሪክ እየጻፈ ነው። ሁለት ዓመት ለፍቷል። እትዬ ጋ የመጣው እኮ «ውሸት ነው» እንዲሉት ነበር።

እትዬ ቀጠሉ። ልጃቸው ዘብዴዎስ ያኔ የስምንት ወር ሕፃን ነው፤ ኩፍኝ ይዞት ትንፋሽ አጥሮታል። የእስረኛ ልጅ አናክምም ተባሉ። ታቅፈውት እስር ቤት ሄዱ።

«በመስኮት አሳየሁት» አሉ። «ፈርም አልኩት። ያስፈረምኩት እኔ ነኝ ልጄ፣ እሱን አትውቀሰው።»

ፈርመው ወጡ፤ ልጁም ታክሞ ዳነ። ጋሽ ጩራሞ ግን ሰላም አጡ። በወጡ በሦስተኛው ወር በገዛ እግራቸው ቀበሌ ሄደው ፊርማዬን መልሱልኝ አሉ። ሊቀመንበሩ ሳቀባቸው፤ «አካፋ የተዋስንህ መሰለህ እንዴ?» አላቸው። ከበሩ አልንቀሳቀስ ሲሉ ግን አሰራቸው። ያ ሦስት ዓመት ይሄ ነው። ገባችሁ? ሁለቱም ወገን እውነት ነው የሚያወራው። ግማሽ ግማሹን።

ችግሩ፣ ዘብዴዎስ ይሄን አያውቅም። ዛሬ የበዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ እሱ ነው። በየመድረኩ አባቴ አልፈረመም እያለ የሚመሰክረውም እሱ ነው። ሰውየው እርስዎ ይንገሩት ቢላቸው፣ እትዬ አርባ ዓመት ሞከርኩ፣ አቃተኝ አሉት።

ወገኖቼ፣ እኛ አንዴም ያልወደቀ አባት ነው የምንወደው። ግን እዚህ ከተቀመጥነው ስንቶቻችን ነን ፈርመን የወጣነው? በወረቀት ባይሆን በዝምታ፣ አለቃ ፊት፣ ለልጅ ስንል? ያልወደቀ ሰው ታሪክ ለእኛ ምን ያደርግልናል? እኔን ያጽናናኝ ተመልሶ የሄደው ሰው ነው። መመለሱን ደግሞ መውደቁን ሳልናገር እንዴት ልንገራችሁ?

ሰውየው እትዬ የነገሩትን ሁሉ ጽፎ ረቂቁን ይዞ ዘብዴዎስ ቤት ሄደ። ዘብዴዎስ በሩን ከፈተለት፣ ወንበር ሳበለት፣ ልጆቹን ጠርቶ አጠገቡ አስቀመጠ።

«በል፣ የእስር ቤቱን ምዕራፍ አንብብልን» አለው።

እናንተ ብትሆኑ፣ ታነቡለታላችሁ?