የተውፊቅ ሞተሪኖ

በግንብ በታጠረች አንዲት ጥንታዊ ከተማ፣ ከምዕራብ በር ወጣ ብሎ፣ ሐጂ ሸረፈዲን የሚባሉ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነበሩ። የከተማዋ ታክሲዎች አብዛኞቹ ከሹፌሮቻቸው በዕድሜ የሚበልጡ ፔጆዎች ናቸው፤ አዲስ ዕቃ ከየትም አይመጣላቸውም። ስለዚህ አንዱ መኪና ላይነሳ ሲቆም ባለቤቱ ወይም ወራሾቹ ወደ ሐጂ ግቢ ያስጎትቱታል። ሐጂም ፈትተው፣ በነጭ ጋዝ አጥበው፣ የሚሠራውን ሁሉ ለሌሎቹ ያዳርሱታል።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ዕቃ ሲያስረክቡ የማን እንደነበረ ይናገራሉ። «ይህ ራዲያተር የመርሑም አብዱረዛቅ ነው፤ ሞተዋልና ዱዓ አድርግላቸው» ይላሉ። ገዢውም እጁን ዘርግቶ ሁለት ቃል ዱዓ ያደርግና ይሄዳል። እያደር የከተማው ሰው ዱዓውን እንደ ዋጋው ክፋይ ይቆጥረው ጀመር፤ ሳያደርጉ ዕቃ ይዞ መውጣት ነውር ሆነ።

ረምዚ የታክሲ ሹፌር ነው። የሞተር ማስነሻው፣ ሞተሪኖው፣ ከተቃጠለበት ወዲህ መኪናው ተገፍቶ ካልሆነ አይነሳም። ተሳፋሪ ወርዶ ይገፋል፣ ሲነሳ ሮጦ ይገባል። የታክሲ ተራ ጓደኞቹ መቀለጃ አደረጉት።

«ረምዚ፣ ለሚገፉት ሒሳብ ትቀንሳለህ ወይስ ስፖርት ስላሠራሃቸው ትጨምራለህ?»

አብሯቸው ይስቃል፤ ሆዱ ግን አይስቅም። ሚስቱ መውለጃዋ ደርሷል፣ ሆስፒታሉ ከዳገቱ ማዶ ነው። ድንገት ምጥ ቢይዛት ገፊ ከየት ያመጣል?

ሐጂ ዘንድ ሲሄድ አንድ ሞተሪኖ ብቻ ተገኘ። ሐጂ በጨርቅ ጠቅልለው ይዘውት ወጡ።

«ረምዚ ልጄ፣ ይህ የተውፊቅ ነው።»

ረምዚ የዘረጋውን እጅ መለሰ። ተውፊቅ ድሮ የልብ ጓደኛው ነበር። አንድ ቀን የተሳፋሪ ሻንጣ ጠፋና ተውፊቅ በሹፌሮቹ ሁሉ ፊት «ከረምዚ በቀር ማን ይወስደዋል?» አለ። ሻንጣው በኋላ ሌላ ቦታ ተገኘ። ተውፊቅ ግን «አፉ በለኝ» ብሎ ይቅርታ ሳይጠይቅ ታሞ ሞተ። ረምዚም ጀናዛው ላይ አልቆመም።

«ምነው ዝም ባሉኝ!» አለ። «የማን እንደሆነ ባልሰማ ምን ይጎድልብዎ ነበር?»

«እኔማ ምንም። አንተ ግን የማትፈልገውን ሳታውቅ ይዘህ ትዞር ነበር። ይህ ማታለል ነው።»

«እንግዲያው ይቅርብኝ። ለሱ ዱዓ ከአፌ አይወጣም። ደግሞስ የሟች ዕቃ እየነገዱ ሰውን በዱዓ መያዝ ምን የሚሉት ዲን ነው?»

ግቢው ውስጥ የነበሩ ሰዎች «አስተግፊሩላህ!» አሉ። ሐጂ አልተቆጡም። ሞተሪኖውን ረምዚ እጅ ላይ አኖሩት።

«ዱዓው ዋጋ አይደለም። እንደዚያ አስመስዬ ከሆነ ጥፋቱ የኔ ነው፤ አፉ በለኝ። ውሰደው፣ ሚስትህን አስብ። አንተ እስክትችል ድረስ በአንተ ፈንታ እኔ ዱዓ አደርግለታለሁ።»

ረምዚ ዕቃውን ይዞ ወጣ።

ሞተሪኖው ተገጠመ። ቁልፉ ሲዞር መጀመሪያ እንደ ወፍ ሲጥጥ ይላል፣ ከዚያ ሞተሩ ይነሳል። ሚስቱ ምጥ በያዛት ቀን ሳያንገራግር ተነሳ፤ ሴት ልጅ በሰላም ተወለደች። ረምዚ አላህን አመሰገነ፤ የተውፊቅን ስም ግን አላነሳም።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ገበያው አጠገብ ቆሞ ቆይቶ መኪናውን ሲያስነሳ አንዲት ምርኩዝ የያዙ አሮጊት መንገዱ ላይ ቀጥ አሉ። የተውፊቅ እናት እማማ ዘይቱና ነበሩ። ዓይናቸው ስለደከመ ሹፌሩን አልለዩትም።

«ልጄ፣ እስቲ አጥፍተህ እንደገና አስነሳው» አሉ።

አጥፍቶ አስነሳው። ጆሯቸውን ወደ ኮፈኑ አዘንብለው አደመጡ።

«ተውፊቄ ለሱብሒ ሲወጣ መኪናው እንዲህ ነበር የሚለው። በዚህ ድምፅ ነበር የምነቃው።» ኮፈኑን እንደ ሕፃን ራስ ዳበሱት። «አላህ ይዘንለት።»

«አሚን» አለ ረምዚ።

ካለ በኋላ ነው ያለውን የሰማው። ወርዶ በሩን ከፈተላቸው፤ ቤታቸው እስኪደርሱ ስለ ልጃቸው ሲያወሩ አዳመጣቸው።

ከእማማ ደጃፍ በቀጥታ ወደ ሐጂ ግቢ ሄደ። ሐጂ ለመግሪብ ውዱእ እያደረጉ ነበር።

«ሐጂ፣ በኔ ፈንታ የሚያደርጉትን ከዛሬ ጀምሮ ለኔ ይተዉልኝ» አለ። «ለዚያን ቀኑ አነጋገሬም አፉ ይበሉኝ።»

ሐጂ እርጥብ እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ።

«በብርድ ያደረን ሞተር አስነስተህ ወዲያው አትነዳውም፤ እስኪሞቅ ትጠብቀዋለህ» አሉት። «ልብም እንዲሁ ነው።»

ስለ ሶብር ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚለን በሽታን ወይም ድህነትን መታገስ ነው። የሌላውን ሰው ልብ መታገስም ሶብር መሆኑን ብዙ ጊዜ እንረሳዋለን። ይቅር ማለት ያቃተውን ስናገኝ ወይ እንገሥጸዋለን፣ ወይ እንዳይከፋው እውነቱን እንሸሽገዋለን። ሐጂ ሸረፈዲን እውነቱን ነገሩት፣ ስድቡን ዋጡ፣ እሱ ያልቻለውን ዱዓ ደግሞ በየሱጁዳቸው ተሸከሙለት። ልባችን ገና ላልሞቀልን ሁሉ አላህ እንዲህ ያለ እስኪሞቅ የሚጠብቀን ሰው አይንሳን።